በወረርሽኝ ጊዜ የነርስ ኃላፊዎች የሥራ ጭንቀትና ለሆስፒታላቸው ያላቸው ቁርኝት

(በዓለም አቀፍ የነርሶች ቀን መታሰቢያ የቀረበ ንግግር)



ስለ ወረርሽኝ ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የኦክስጅን ሲሊንደር፣ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የምርመራ ውጤትና ክትባት ነው። እነዚህ ሁሉ ግን በራሳቸው አይንቀሳቀሱም። ሲሊንደሩ ከመጨረሱ በፊት የሚያስለውጠው፣ ዛሬ ሌሊት ወደ ለይቶ ማከሚያው ማን እንደሚገባ የሚወስነው፣ የቀረውን ጭምብል ቆጥሮ እስከ ነገ ጠዋት የሚያዳርሰው ሰው አለ። ይህ ሰው በአብዛኛው ነርስ ነው፤ ከነርሶችም መካከል የዋርድ ኃላፊ፣ የተረኞች አስተባባሪ፣ ወይም በተለምዶ ማትሮን የሚባለው የነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ ነው። የዛሬው ንግግር ስለ እነዚህ ሰዎች የሥራ ጭንቀት፣ ከተቋማቸው ጋር ስላስተሳሰራቸው ነገር፣ እንዲሁም ሕዝቡ በዚህ ውስጥ ስላለው ድርሻ የሚናገር ነው።

ሕዝቡ የዋርድ ኃላፊዋን የሚያውቃት ብዙ ጊዜ በር ላይ ነው። «ሲስተር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» ሲባል «አይቻልም» የምትለው እርሷ ናት። በሩ ሲዘጋ በደጅ የቀረው ሰው የሚያስታውሰው የፊቷን መጥቆር ነው፤ ከጀርባዋ ያለውን አያይም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ሲገለጽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ ገና ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ለዚሁ ሕክምና ተለየ፤ ቆይቶም ኮንሰርትና ባዛር ይካሄድበት የነበረው ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ። አንድን አዳራሽ ወደ ሕክምና ቦታ መለወጥ አልጋ መደርደር ብቻ አይደለም። ንጹሑ መንገድ በየት በኩል ይሁን፣ የተበከለው በየት ይውጣ፣ የመከላከያ ልብስ የት ይለበስ፣ የት ይውለቅ፣ ሲወልቅስ ማን ይመልከት የሚለው ሁሉ መልስ ይፈልጋል። የዕለት ተዕለቱ መልስ የሚወድቀው በነርስ ኃላፊዎች ላይ ነው።

አንድ ምሽት ይታሰብ። የሚከተለው የአንድ የተወሰነ ሆስፒታል ታሪክ ሳይሆን በብዙዎቹ ሊገጥም የሚችል ነገር ነው። የሌሊት ተረኞች ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መግባት አለባቸው። በሰንጠረዡ ላይ ስድስት ነርሶች ተጽፈዋል። አንዷ ትኩሳት ይዟት ናሙና ሰጥታ ውጤት ትጠብቃለች። ሌላው ከእርሷ ጋር ምሳ በልቶ ስለነበር ራሱን ለይቶ ተቀምጧል። ሦስተኛዋ የምታጠባው ሕፃን ስላላት ወደ ለይቶ ማከሚያው እንዳትመደብ ተወስኗል። የቀን ተረኞቹ የመከላከያ ልብሱን ለብሰው ውኃ ሳይጠጡ ውለዋል፤ ይደሩ ማለት የሚቻል አይደለም። ኃላፊዋ ስልኩን ታነሣለች። ትናንት አድራ የሄደችውን ልጅ ትጥራ? ወይስ ቤቱ የታመሙ እናቱን የሚያስታምመውን ነባር ነርስ? ወይስ ራሷ ትግባ? ራሷ ከገባች የነገውን የመድኃኒት፣ የልብስ እጥበት፣ የጽዳትና የሪፖርት ጉዳይ ማን ይይዘዋል?

ስልኩን ሳትዘጋ የጋዎኑ ቁጥር ይመጣል። በክፍሉ የቀረው ለሌሊቱ አይበቃም፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ቁልፉም ከእርሱ ጋር ነው። በዚያው ደቂቃ በአጥሩ በር አንድ ቤተሰብ ምግብ ይዞ ቆሞ ይጮኻል። ከውስጥ ደግሞ የአልጋ ሰባት ሕመምተኛ የኦክስጅን መጠን እየወረደ መሆኑ ይነገራታል። ከእነዚህ አንዱም ለብቻው ከባድ አይደለም። ክብደቱ አራቱም በአንድ ሰው ጆሮ በአንድ ጊዜ መግባታቸው ነው።

በዚህ ላይ የኢትዮጵያን ሆስፒታሎች የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። በአገራችን ልማድ ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም። እናት፣ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ አብሮ ያድራል። አስታማሚው ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ናሙና ያደርሳል፤ ሌሊት ሕመምተኛው ሲያቃስት ነርስ የሚጠራውም እርሱ ነው። ይህ ሥራ በማንኛውም የሠራተኛ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ ደመወዝም የለውም። ወረርሽኙ መጥቶ አስታማሚ ወደ ለይቶ ማከሚያ እንዳይገባ ሲከለከል፣ ክልከላው ሕይወት ለማዳን የግድ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ፣ ሳይጻፍ የኖረው ሥራ ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ነርሶቹ ተዛወረ። የነርሶቹ ቁጥር ግን በዚያው ሌሊት አልጨመረም። በሰንጠረዡና በእውነተኛው ሥራ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት በሰው ልመና፣ በራሷ ጉልበትና በዕረፍት ቀኗ የሞላችው ኃላፊዋ ናት። ማንም ተቋም የነርስ ኃላፊዎቹ ለምን እንደደከሙ ቢጠይቅ ምርመራውን ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም።

የሥራ ጭንቀት ሲባል ብዙ ሰው የሥራ ብዛት ይመስለዋል። ሮበርት ካራሴክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በሌላ መንገድ አስረድቷል፤ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ሥራው ብዙ ሆኖ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣኑ አነስተኛ ሲሆን ነው። ሥራው ቢበዛም የመወሰን ነፃነት ያለው ሰው ከጫናው ሊማርና ሊበረታ ይችላል። የነርስ ኃላፊዋ የተቀመጠችው በትክክል በመጥፎው ቦታ ነው። ለጓንት እጥረቱ ተጠያቂ ናት፤ ጓንት የመግዛት ሥልጣን ግን የላትም። ተረኛ ቢጎድል ትጠየቃለች፤ ሠራተኛ መቅጠር አትችልም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲዘገይ ፊት ለፊት የሚነገራት ለእርሷ ነው፤ የሚፈርመው ሌላ ነው። ከላይ ዶፍ፣ ከታች ጎርፍ እንደሚባለው፣ መመሪያ ከላይ ይወርዳል፣ አቤቱታ ከታች ይወጣል፤ ሁለቱም የሚገናኙት በእርሷ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ ደግሞ መመሪያው ራሱ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ስለ አዲስ በሽታ ያለው እውቀት በየሳምንቱ ሲያድግ ይህ የማይቀር ነው። ሆኖም ሰኞ ለሠላሳ ነርሶች «እንዲህ አድርጉ» ያለች ሴት ዓርብ ዕለት «ያ ቀርቷል፣ እንዲህ ይሁን» ስትል፣ ለውጡን የሚቀበሉት ሰዎች የሚያምኑት ወረቀቱን ሳይሆን እርሷን ነው። የእምነት ስንቋ ሲያልቅ ማንም አይሞላላትም።

ሌላም ሸክም አለ፤ ምናልባትም ከሁሉ የከበደው። ሰውን ወደ አደጋ የመመደብ ሸክም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ በዓለም ላይ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኞች በኮቪድ-19 ሞተዋል። የተረኛ ሰንጠረዥ የምታዘጋጅ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ሌላው ሰው አታነበውም። እያንዳንዱ ስም አጠገብ «ሌሊት» ብላ ስትጽፍ የሰውየውን ልጆች ታውቃቸዋለች፤ በሠርጉ ላይ ተገኝታ ሊሆን ይችላል። አንድ ነርስ ከምድቡ በኋላ ቢያዝ፣ ምንም ጥፋት ባይኖርባት እንኳ፣ ቀኑን ቆጥራ ወደ ሰንጠረዡ ትመለሳለች። ይህን ዓይነት ጸጸት ለማንም አታወራውም፤ ለበታቾቿ መናገር አይገባትም፣ ለአለቆቿ ብትናገር ድክመት ይመስልባታል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ያስደነግጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ በርንአውት የሚባለውን የሥራ መዛል በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት መሆኑን አስፍሯል። ምንጩ በወጉ ያልተያዘና የቆየ የሥራ ጭንቀት ሲሆን፣ ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም «የምሠራው ምንም አይረባም» የሚል ስሜት። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ቀድሞ የሕመምተኛን ስም እየጠራች ታነጋግር የነበረች ሴት «የአልጋ ዘጠኙ» ማለት ስትጀምር፣ ለለቅሶ ድምፅ ፊቷን ሳታዞር ስታልፍ፣ ሕዝቡ «ልቧ ደነደነ» ይላል። እንደዚያም ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚታየው ከአቅም በላይ የተሸከመ ሰው የቀረችውን ኃይል ለመቆጠብ የሚዘጋው በር ነው። ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ይኑር ተብሎ በጤናው ዘርፍ ብዙ ተነግሯል፤ ርኅራኄ ግን ዕረፍት የሚፈልግ የሰው ኃይል መሆኑ እምብዛም አልተነገረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ቁርኝቱ እንለፍ። ይህ ሁሉ እያለ ብዙዎቹ ለምን ይቆያሉ? ጆን ሜየርና ናታሊ አለን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረቡት ጽሑፍ ሰውን ከተቋሙ ጋር የሚያስተሳስሩ ሦስት ገመዶችን ለይተዋል። አንዱ ፍቅር ነው፤ ሰው ቤቱን እንደሚወድ ሥራ ቦታውን ሲወድ። ሁለተኛው ስሌት ነው፤ ብለቅ ምን አጣለሁ ብሎ ሲያስብ። ሦስተኛው የውለታና የግዴታ ስሜት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብሎ ሲያምን። ሦስቱም በአንድ ሰው ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሆኖም እኩል አይደሉም። በፍቅር የተሳሰረ ሰው የተሻለ ይሠራል፣ ሐሳብ ያመነጫል፣ የተበላሸውን ያስተካክላል። በስሌት ብቻ የቀረ ሰው ግን በአካል አለ፤ ልቡ ሄዷል።

ከወር እስከ ወር የሚቆጠር ደመወዝ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ቅርበት፣ እየቀረበ ያለ ጡረታ፣ ሌላ የሥራ ቦታ አለመኖር ሰውን ያስቀምጣሉ። ስለዚህ አንድ የሆስፒታል አስተዳደር «ማንም አልለቀቀም፣ እንግዲህ ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ ቢደመድም በስሕተት መንገድ ላይ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ በተለይ የግዴታው ገመድ ይጠነክራል፤ «በጦርነት መካከል ይከዳል እንዴ?» የሚል ስሜት ሁሉንም ይይዛል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ግን ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ብድር ነው፤ ዕረፍት፣ ፍትሕና እውነተኛ መረጃ ሳይከፈልበት ከቆየ ማዕበሉ ጋብ ባለ ማግስት ሰዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ያን ጊዜ «ለምን አሁን?» ብሎ መጠየቅ ይመጣል።

ሌላ የማይታይ አደጋም አለ። መጀመሪያ የሚደክሙት ሥራቸውን የሚንቁት አይደሉም፤ አብልጠው የሚወዱት ናቸው። ዕረፍታቸውን ለሌላ ይሰጣሉ፣ ትኩሳት ሲይዛቸው «ድካም ነው» ብለው ይደብቃሉ፣ ስልካቸውን ሌሊት አይዘጉም። በወረርሽኝ ጊዜ ትኩሳትን ደብቆ ሥራ መግባት ታማኝነት ሳይሆን ለሕመምተኛውም ለባልደረባውም አደጋ ነው፤ ይህን ከሁሉ ቀድሞ ለኃላፊዎች መንገር ያስፈልጋል። በብዙ አገር ለጤና ሠራተኞች የተደረገው ጭብጨባና «ጀግኖቻችን» የሚለው ምስጋናም ከልብ የመነጨ ነበር፤ ነገር ግን ጀግና የተባለ ሰው «ደክሞኛል» ለማለት ያፍራል።

እዚህ ላይ ዕለቱ የሚታሰብበትን ልደት ማንሣት ተገቢ ነው። ዓለም አቀፍ የነርሶች ቀን የሚከበርበት ግንቦት 4፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለደችበት ዕለት ነው። ሕዝብ የሚያውቃት ሌሊት ፋኖስ ይዛ በሕሙማን መካከል ስትሄድ ነው። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1854፣ 38 ነርሶችን ይዛ ወደ ስኩታሪ ስትሄድ ግን አብዛኛው ድካሟ የነርስ ኃላፊ ድካም ነበር፤ ስለ አንሶላ፣ ስለ ወጥ ቤት፣ ስለ ልብስ እጥበት፣ ዕቃ አንሰጥም ከሚሉ ሹማምንት ጋር የሚደረግ ክርክር። ከጦርነቱ ታማ ተመለሰች፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአልጋዋ ሆና ነበር የምትሠራው። ይህ የታሪኳ ክፍል ከፋኖሱ ያነሰ ይነገራል። ልደቷ 200 ዓመት የሞላበት 2020 የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት እንዲሆን አስቀድሞ ተሰይሞ ነበር፤ ወረርሽኙ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ሪፖርት የዓለም ነርሶች ቁጥር 27.9 ሚሊዮን ገደማ፣ የጎደለው ደግሞ 5.9 ሚሊዮን እንደሆነ ተገልጿል፤ ጉድለቱም በአብዛኛው ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ አንዲት ልምድ ያላት ኃላፊ ብትሄድ ምትክ የሚገኝበት ገበያ የለም።

ከሆስፒታል አስተዳደር የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገርም አለው። ለእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ ምክትል ይኑር፤ ምክትል የሌላት ኃላፊ የዕረፍት ቀን የላትም። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ሌሊትም በግቢው ውስጥ ይደር። የመከላከያ ቁሳቁሱ ስንት ቀን እንደሚበቃ ለነርሶቹ እውነቱ ይነገር፤ ቁጥሩ አስደንጋጭ ቢሆን እንኳ ከወሬ ይሻላል። ወደ ለይቶ ማከሚያ የሚገባው በምን ሥርዓት እንደሚመረጥ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ አስቀድሞ ይወሰን። ይህ የሚደረገው ለፍትሕ ብቻ አይደለም፤ ኃላፊዋ በየምሽቱ ለብቻዋ ፈራጅ እንዳትሆን ነው። የሥራ አመራሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ዋርዱ ድረስ ሄዶ «ምን ጎደለ?» ቢል፣ ከጎደለውም አንዱን እንኳ እስከሚቀጥለው ሳምንት ቢያሟላ፣ ከብዙ የምስጋና ወረቀት ይበልጣል።

የሕዝቡ ድርሻም ቀላል አይደለም። ከአንድ ቤተሰብ አሥር ሰው ወደ ዋርዱ ሲደውል አሥር ጊዜ ነርስ ከሕመምተኛ አጠገብ ትነሣለች። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ተጠሪ ይምረጥ፤ ስልኩን ሲያስገባ ያስመዝግብ፤ ዜናውን ለሌሎቹ እርሱ ያድርስ። ምግብና ልብስ በተነገረው ሰዓት፣ የሕመምተኛው ስምና የአልጋ ቁጥር ተጽፎበት ይምጣ። ሕመምተኛው ከሚወስደው መድኃኒት፣ ካለበት ሌላ ሕመም፣ ከማይስማማው ነገር አንዱም እንዳይቀር በጽሑፍ ይሰጥ፤ አስታማሚ በሌለበት ክፍል ይህች ወረቀት የአስታማሚውን አፍ ትተካለች። በበር ላይ «ሰው አለኝ» ብሎ በዘመድ ለመግባት መሞከር ኃላፊዋን ከሕጉና ከአለቃዋ መካከል ያስገባታል፤ ለአንዱ የተከፈተ በርም ለሁሉም ይከፈታል። ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን አይዋጥ። ወደ ሆስፒታሉ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ያቅርበው፤ ቅሬታው በጽሑፍ ሲቀርብ የጎደለው ነገር ጭምር ይታያል።

ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ያለው ነገር ደግሞ የባሰ ይጎዳል። ከሥራ ስትመለስ ጎረቤት በሩን ከዘጋባት፣ ልጇ «እናትህ ኮሮና ታመጣለች» ከተባለ፣ አከራይ «ቤቱን ልቀቂ» ካላት፣ በቀን የተሸከመችውን የምታራግፍበት ቦታ አይኖራትም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በትንፋሽና በቅርብ ንክኪ እንጂ በሙያ ስም አይደለም። ጭምብል ማድረግ፣ ርቀት መጠበቅ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄውን ጠብቆ ሰላምታ መስጠት፣ እንደ ቀድሞው ቡና ጠጡ ማለት ባይቻል እንኳ በአጥር ላይ «እንደምን ዋልሽ» ማለት ይቻላል። ቤተሰቦቿም ከሦስቱ ምልክቶች አንዱን ሲያዩ፣ እንቅልፍ ከጠፋባት፣ በትንሽ ነገር ከተቆጣች፣ ምግብ ከተወች፣ «ጠንክሪ» ከማለት ይልቅ ያድምጧት፤ ከቆየባትም ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይሸኟት። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ ስለ በሽታው ምልክት ለመጠየቅም ሆነ ለመጠቆም በነጻ የስልክ መስመሮች 8335 እና 952 መደወል ይቻል ነበር፤ ለምክር ብቻ ወደ ዋርድ የሚደረግ ስልክ በቀነሰ ቁጥር ነርሷ ከአልጋው አጠገብ ትቆያለች።

ወደዚያች ምሽት ለመመለስ፣ ኃላፊዋ በመጨረሻ የግምጃ ቤቱን ሰው ከቤቱ አስጠርታ ጋዎኑን አወጣች፤ ሰንጠረዡን በአምስት ሰው ሸፈነችው፣ አምስተኛዋም ራሷ ነበረች። የአልጋ ሰባት ሕመምተኛ ኦክስጅኑ ተስተካክሎ አደረ። ሲነጋ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ለቀን ተረኞች ርክክብ አደረገች፤ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሁኔታ አልጋ በአልጋ ነገረቻቸው። በደጅ ምግብ ይዞ ይጮኽ የነበረው ሰው እዚያው ነበር። ስሙን ጠየቀችው፣ የስልክ ቁጥሩን በመዝገቡ ላይ ጻፈች፣ ወንድሙ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረም ነገረችው። ቤቷ ስትደርስ ምክትል አልነበራትምና ስልኳን ሳትዘጋ ተኛች።